ያልተመዘነው ሀብት፦ የአሶሳ ቁጥቋጦ፣ ሽመልና የቅባት እህል በአንድ መዝገብ ሊያዙ ይገባል

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በተፈጥሮ ሀብት ከታደሉ የሀገራችን አካባቢዎች አንዱ መሆኑ በየመድረኩ ይነገራል። ወርቁ፣ እብነ በረዱ፣ ሽመሉ፣ ሰሊጡና ኑጉ በእያንዳንዱ የዕቅድ ሰነድ መግቢያ ላይ ይዘረዘራሉ። ይሁንና አንድ ሀብት አለ መባሉ አንድ ነገር ነው፤ ምን ያህል እንደሆነ፣ የት እንደሚገኝና በዓመት ምን ያህሉ ቢነሳ እንደማያልቅ መታወቁ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በተለይ ከረጅም ዛፎች ደን በታች፣ ከሣር ግጦሽ በላይ የሚገኘው የቁጥቋጦና የሽመል ምድር ለብዙ ዓመታት እንደ ክፍት መሬት ሲቆጠር ቆይቷል። ይህ አቆጣጠር የሚያስከትለው ጉዳት ከሌላው አካባቢ ይልቅ ጎልቶ የሚታይበት ስፍራ ቢኖር በአሶሳ ዞን የሚገኘው ጾሬ ነው።

በጾሬ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ የተከፈተው በ2007 ዓ.ም. ነው። አካባቢው ከዚያ በፊትም ስደተኛ ለማስተናገድ አዲስ አልነበረም፤ የሸርቆሌ መጠለያ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የባምባሲው ደግሞ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ አገልግሎት ሲሰጡ ቆይተዋል። በ2014 ዓ.ም. የቶንጎ መጠለያ በጸጥታ ችግር ሲዘጋ ከዚያ የተፈናቀሉ ስደተኞች ወደ ጾሬ እንዲዛወሩ ተደረገ። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰ በኋላ በኩርሙክ በኩል የገቡትን ለመቀበል በ2016 ዓ.ም. የኡራ መጠለያ ተጨመረ። ይህ ሁሉ ሕዝብ፣ ከተቀባዩ ማኅበረሰብ ጋር፣ በየዕለቱ እሳት ያነዳል። እሳቱ የሚነድደው ደግሞ ከዚያው ቁጥቋጦና ከዚያው ሽመል ነው።

በሌላ በኩል ያው መሬት ለሰሊጥ፣ ለኑግና ለአኩሪ አተር ይፈለጋል። የቅባት እህል የክልሉ አርሶ አደር ዋነኛ የጥሬ ገንዘብ ምንጭ ነው። የዓለም ገበያም ኬሚካል ላልነካው ምርት የተሻለ ዋጋ ይከፍላል። እንግዲህ ማገዶው፣ የግንባታ ሽመሉና የቅባት እህሉ በአንድ ሄክታር ላይ ይሻማሉ ማለት ነው። የዚህ ጽሑፍ ጭብጥም ሽሚያው በስሌት ሊዳኝ የሚችለው በመሬቱ ላይ ያለው እጽዋት ሲመዘንና መዝገቡ ከገበያው ሰንሰለት ጋር ሲተሳሰር ብቻ መሆኑን ማሳየት ነው።

የቆጠራው ታሪክ ምን ያስተምራል?

ቁጥቋጦን መመዘን በሀገራችን አዲስ ሐሳብ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ የተጀመረው የእንጨት ባዮማስ ቆጠራና ስትራቴጂክ ዕቅድ ፕሮጀክት በመላ ሀገሪቱ ያለውን የእንጨት ሀብት በክልል በክልል ለይቶ ለመመዝገብ የተነደፈ ነበር። ባዮማስ ሲባል በአንድ መሬት ላይ የሚገኘው እጽዋት ውኃው ተንኖ ሲመዘን የሚኖረው ክብደት ነው። ፕሮጀክቱ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ሲጠናቀቅ ይፋ ያደረገው ውጤት በወቅቱ የነበረውን አስተሳሰብ የሚቀይር ነበር። ረጅም ዛፍ ያለው ጥቅጥቅ ደን ወደ 4 ሚሊዮን ሄክታር ዝቅ ብሎ ሲገኝ የቁጥቋጦው ምድር ብቻውን ከ25 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ሆኖ ተመዘገበ። የሀገሪቱ ምድጃ የሚነድደው በደን ስም ከሚታወቀው ይልቅ ስም ካልወጣለት ምድር መሆኑ በዚህ ታወቀ።

ቁጥቋጦ እንደ ባሕር ዛፍ በአንድ ግንድ ስለማይቆም አመዛዘኑ የራሱ ዘዴ አለው። በመጀመሪያ በተመረጡ ናሙና ቦታዎች ላይ የእያንዳንዱ ተክል ቁመት፣ የግርጌው ውፍረትና የቅርንጫፉ ስፋት ይለካል። ከዚያም ጥቂቶቹ ተቆርጠው በእርጥቡ ይመዘናሉ፤ ናሙናቸው በምድጃ ደርቆ እንደገና ይመዘናል። በልኬቱና በክብደቱ መካከል ያለው ዝምድና ወደ ቀመር ይለወጣል። ከዚያ በኋላ ሌላውን መቁረጥ ሳያስፈልግ በመለካት ብቻ ክብደቱን መገመት ይቻላል፤ በሳተላይት ምስል ታግዞም ግምቱን ወደ ወረዳ ደረጃ ማስፋት ይቻላል። እዚህ ላይ ሊታወስ የሚገባው ለአንድ የእጽዋት ዓይነትና ለአንድ የአየር ንብረት የወጣ ቀመር ለሌላው እንደማይሠራ ነው። ለምሳሌ ከማሻ የደጋ ቀርከሃ ላይ በተካሄደ ጥናት ከመሬት በላይ ያለው ባዮማስ በሄክታር ወደ 110 ቶን ሆኖ ተመዝግቧል። ይህን አኃዝ ወስዶ በአሶሳ ቆላ ሽመል ላይ ማባዛት ግን በሌለ ሀብት ላይ ዕቅድ ማውጣት ይሆናል። ሁለቱ በዝርያም፣ በአበቃቀልም፣ በግንዳቸውም ይለያያሉ፤ የደጋው ባዶ ውስጥ ሲሆን የቆላው ሽመል ድፍን ነው።

የሽመል ቁጥር አለመግባባት

የሽመል ጉዳይ የቁጥርን አስፈላጊነት በተለየ መልኩ ያሳያል። በ1989 ዓ.ም. ሉሶ ኮንሰልት የተባለው የጀርመን አማካሪ ድርጅት ካካሄደው ጥናት በኋላ ለብዙ ዓመታት ሲጠቀስ የኖረው የሀገሪቱ የቀርከሃ ሽፋን 1 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ነበር፤ ከዚህም ወደ 850 ሺህ ሄክታር የሚሆነው የቆላ ሽመል እንደሆነ ይገለጽ ነበር። በ2010 ዓ.ም. በዓለም አቀፉ የቀርከሃና የራታን ድርጅት ትብብር የታተመው በሳተላይት ላይ የተመሠረተ ጥናት ደግሞ አኃዙን ወደ 1 ነጥብ 47 ሚሊዮን ሄክታር አደረሰው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ የሪፖርት አዘጋጅ "በ20 ዓመት ውስጥ ቀርከሃችን በግማሽ ያህል አደገ" ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ይህ ትክክል አይሆንም። የተለወጠው በዋናነት መለኪያው ነው። በመለኪያ ለውጥ የመጣን ልዩነት እንደ ልማት ውጤት መቁጠር፣ ወይም በተቃራኒው እንደ ጥፋት መቁጠር፣ ውሳኔ ሰጪውን የሚያሳስት አደገኛ ልማድ ነው።

መሬት ላይ ያለው እውነታ ደግሞ ከሁለቱም ቁጥር የተወሳሰበ ነው። የቆላ ሽመል በረጅም ዘመን አንድ ጊዜ በጅምላ አብቦ፣ ዘሩን አራግፎ የሚሞት ተክል ነው። በአሶሳ ዞንና በአጎራባች አካባቢዎችም ሰፊ የሽመል ምድር በዚህ መልክ ሲደርቅ ታይቷል። ሽመሉ ሲደርቅ ዘሩ ከሥር ይበቅላል፤ ችግኙ የቀድሞውን ቦታ መልሶ የሚይዘው ግን ለተከታታይ ዓመታት ከሰደድ እሳት፣ ከከብትና ከእርሻ ከተጠበቀ ነው። በዚያ የሽግግር ወቅት ቦታውን የጎበኘ ባለሙያ የሚያየው የደረቀ ሽመልና ሣር ብቻ ስለሆነ "ጥቅም የማይሰጥ መሬት" ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። በዚህ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ መሬቱ ለእርሻ ከተሰጠ ሽመሉ የጠፋው በተፈጥሮ ሞቱ ሳይሆን በመዝገቡ ስህተት ይሆናል።

ለበርታና ለጉሙዝ ማኅበረሰብ ሽመል ቤት ነው፤ አጥር፣ ጎተራና አልጋ ነው፤ በክረምት መግቢያ ላይ የሚወጣው ለጋ ቀንበጡም ምግብ ነው። ሽመል አዲስ ቀንበጥ አውጥቶ በአንድ ክረምት ሙሉ ቁመቱን ይይዛል፤ ለቆረጣ የሚደርሰውም በሦስት ዓመት ገደማ ነው። የበሰለው እየተመረጠ ለጋው እንዲቆይ ከተደረገ የማያቋርጥ ሀብት ነው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከተመነጠረ ግን ሥሩ ይዳከማል። ሀገር አቀፉ የቀርከሃ ልማት ስትራቴጂ እስከ 2030 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የሚዘልቅ የድርጊት መርሐ ግብር ይዞ የወጣ ቢሆንም ስትራቴጂው በወረዳ ደረጃ የሚተገበረው ይህ የቆረጣ ሥርዓት በማኅበረሰቡ መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ ሲገባ ነው።

የጾሬ የማገዶ ስሌት

ሚዛኑ ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት ቀላል ስሌት በቂ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ቤተሰብ በቀን 5 ኪሎ ግራም እንጨት ያነዳል ብንል በዓመት 1 ሺህ 825 ኪሎ ግራም ይሆናል። አንድ ሺህ ቤተሰብ 1 ሺህ 825 ቶን ይፈልጋል ማለት ነው። በዙሪያው ያለው ቁጥቋጦ ሳይጎዳ በዓመት በሄክታር 2 ቶን መስጠት የሚችል ከሆነ ለዚያ አንድ ሺህ ቤተሰብ ከ900 ሄክታር በላይ ይበቃል። የመስጠት አቅሙ 1 ቶን ብቻ ከሆነ ግን የሚያስፈልገው መሬት በእጥፍ አድጎ 1 ሺህ 825 ሄክታር ይደርሳል። በእነዚህ ሁለት ግምቶች መካከል ያለው ልዩነት በስደተኛውና በተቀባዩ ማኅበረሰብ መካከል በሚኖረው ሰላምና ግጭት መካከል ያለው ልዩነት ነው። እንጨት ለመልቀም የሚኬደው ርቀት በጨመረ ቁጥር ሸክሙና ስጋቱ የሚያርፈው በሴቶችና በልጃገረዶች ላይ መሆኑም የታወቀ ነው።

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በዚሁ ክልል በጉባ ተመርቋል። ግድቡ 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ይሁን እንጂ የኤሌክትሪክ መስመር በመንደሩ አጠገብ ማለፉ ብቻ ምድጃውን አይለውጠውም፤ ማከፋፈያ፣ ቆጣሪ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድና ወጪውን የሚችል ገቢ ያስፈልጋል። በመሆኑም በመካከሉ ባሉት ዓመታት ማገዶ ቆጣቢ ምድጃና ከሽመል ቅሪት የሚዘጋጅ ከሰል አማራጭ ሆነው ይቀጥላሉ። የቆላ ሽመል ድፍን መሆኑ ለከሰል ተስማሚ ያደርገዋል። እዚህም ላይ ግን ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፤ ከሰሉ ከቅሪትና ከበሰለ ሽመል የሚመረት መሆኑን የሚያረጋግጥ መዝገብ ከሌለ መፍትሔ የተባለው ራሱ የምንጠራ ምክንያት ይሆናል።

የኦርጋኒክ ገበያው ሁለት ገጽታ

አሁን ወደ ቅባት እህሉ እንምጣ። ከምዕራቡ የሀገራችን ክፍል የሚወጣውና በንግዱ ዓለም የወለጋ ዓይነት ተብሎ የሚታወቀው ሰሊጥ በዘይት ይዘቱ የሚፈለግ ነው፤ የሁመራው በአንጻሩ ለዳቦና ለጣፋጭ ሥራ ይመረጣል። አብዛኛው አነስተኛ አርሶ አደር ማዳበሪያም ሆነ ፀረ ተባይ ኬሚካል በብዛት ስለማይጠቀም ምርቱ በተግባር ለኦርጋኒክ ቅርብ ነው። ኢትዮጵያም ለዚህ የሚሆን ሕግ ያወጣችው ቀደም ብላ ነው፤ የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488/1998 ከወጣ ሁለት አሥርት ዓመታት ተቆጥረዋል።

በተግባር ለኦርጋኒክ ቅርብ መሆንና በማስረጃ ኦርጋኒክ መሆን ግን አንድ አይደሉም። ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የአውሮፓ ኅብረት አዲሱ የኦርጋኒክ ደንብ አነስተኛ አምራቾች በቡድን የምስክር ወረቀት እንዲያገኙ ይፈቅዳል። ነገር ግን ቡድኑ ሕጋዊ ሰውነት ያለው፣ አባላቱ ከ2 ሺህ የማይበልጡና የራሱን የውስጥ ቁጥጥር ሥርዓት የዘረጋ እንዲሆን ያስገድዳል። የአባላቱ ይዞታ ከ5 ሄክታር አለመብለጥም ከመመዘኛዎቹ አንዱ ነው። ይህ ማለት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላትን ያቀፈ ዩኒየን በአንድ ወረቀት መሄድ አይችልም፤ መሠረታዊ ማኅበራቱ እያንዳንዳቸው የአባላት ዝርዝር፣ የማሳ ካርታና የግብይት መዝገብ ሊኖራቸው ይገባል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ለዚህ የሚሆን ሕጋዊ ማዕቀፍ ሰጥቷል። የጎደለው ሠልጥኖ መዝገቡን የሚይዝ የሰው ኃይል ነው።

የቱኒዚያ ተሞክሮ በዚህ ረገድ ይጠቅመናል። ያች ሀገር የኦርጋኒክ ግብርና ሕጓን ያወጣችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ነው። ከዚያ በኋላ በወይራ ዘይት ላይ አተኩራ አምራቹን፣ መጭመቂያውን፣ ተቆጣጣሪውንና ላኪውን በአንድ መረብ አስተሳስራለች። በውጤቱም የአውሮፓ ኅብረት የቱኒዚያን የኦርጋኒክ ሥርዓት ከራሱ ጋር አቻ አድርጎ ተቀብሎታል። ኢትዮጵያ ሕጉን ካወጣች በኋላ ወደዚህ ደረጃ አልደረሰችም። ልዩነቱ በአፈር ወይም በዝናብ ሊብራራ አይችልም፤ ከሕጉ በኋላ ተቋምና የግብይት መረብ መዘርጋቱና አለመዘርጋቱ ነው። የእኛ ሰሊጥ ከማሳ እስከ ወደብ በብዙ እጅ ያልፋል፤ በየመሰብሰቢያው ከሌላው ጋር ሲቀላቀልም ከየት ማሳ እንደመጣ የሚናገረው ማስረጃ ይጠፋል። ማስረጃው ከጠፋ ደግሞ ተጨማሪው ዋጋ ለአርሶ አደሩ አይደርስም።

ሌላው ገጽታ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻ ነው። ለሰሊጥ ዓይነቱ ዓመታዊ ሰብል ደንቡ የ2 ዓመት የሽግግር ጊዜ ያዝዛል። ሆኖም መሬቱ ቢያንስ ለ3 ዓመት ያልተፈቀደ ኬሚካል እንዳልነካው በማስረጃ ከተረጋገጠ ያለፈው ጊዜ ሊታሰብለት ይችላል። ኬሚካል ያልነካው መሬት የትኛው ነው? ትናንት ሽመል ወይም ቁጥቋጦ የነበረው ነው። ስለዚህ የእጽዋት መዝገብ በሌለበት ሁኔታ የኦርጋኒክ ገበያ ሳይታሰብ ለምንጠራ ሽልማት ሊሰጥ ይችላል። ተፈጥሮን ለመጠበቅ የተከፈለ ዋጋ ተፈጥሮን ለማጥፋት እንዳይውል መከላከል የአስፈጻሚው ኃላፊነት ነው።

የትርጉም ልዩነትና መዘዙ

ኢትዮጵያ በ2007 ዓ.ም. ያሻሻለችው የደን ትርጓሜ ለዚህ ችግር ግማሽ መልስ ይሰጣል። በትርጓሜው መሠረት ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ የቅርንጫፍ ሽፋን ያለው ዛፍ ወይም ቀርከሃ ያለበት መሬት ደን ነው። ቀደም ሲል በዓለም አቀፍ ሪፖርት የሚሠራበት የቁመት መነሻ 5 ሜትር ነበር። ቁመቱ ዝቅ የተደረገው በተለይ እንደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝና ጋምቤላ ባሉ አካባቢዎች ለሰፋፊ እርሻ ሲመነጠር የነበረው የቆላ ደን ከቆጠራው ውጭ እንዳይሆን ነው። በአዲሱ ትርጓሜ የሀገሪቱ የደን ሽፋን 15 ነጥብ 5 በመቶ ሆኖ ተመዝግቧል።

የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. ያወጣውና ተግባራዊነቱ በተደጋጋሚ የተራዘመው ከደን ምንጠራ ነፃ የሆኑ ምርቶች ደንብ ግን 5 ሜትር ቁመትና 10 በመቶ ሽፋንን ይዞ ይሄዳል። ደንቡ አኩሪ አተርን ሲጨምር ሰሊጥን አይጨምርም። ውጤቱ እንዲህ ይሆናል፦ ከታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በኋላ ከ5 ሜትር በላይ ቁመት የነበረው የሽመል ደን ተመንጥሮ የተመረተ አኩሪ አተር ወደዚያ ገበያ መግባት አይችልም። በዚያው መሬት ላይ የተመረተውን ሰሊጥ ግን ይህ ደንብ አይከለክለውም። የ3 ሜትር ቁጥቋጦ ደግሞ በእኛ ትርጓሜ ደን፣ በእነርሱ ግን ደን ያልሆነ ይሆናል። በመሆኑም የአሶሳን ቁጥቋጦ የውጭ ገዢ ይጠብቅልናል ብሎ መዘናጋት አይቻልም። ሊጠብቀው የሚችለው የራሳችን ሕግ ነው፤ የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ማኅበረሰቡን እንደ ደን ባለይዞታ እውቅና መስጠቱም ለዚህ ጠንካራ መሠረት ነው።

ከማን ምን ይጠበቃል?

ሥራው አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋምን አይጠይቅም። በቅድሚያ የአሶሳ የግብርና ምርምር ማዕከልና የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ለአካባቢው ቁጥቋጦና ለቆላ ሽመል የሚሆን የክብደት መገመቻ ቀመር አዘጋጅተው በወረዳ ባለሙያ እጅ በሚገባ ቀላል ሠንጠረዥ ሊያቀርቡት ይገባል። በጥናት መጽሔት ታትሞ የቀረ ቀመር መሬት ለሚመድበው ባለሙያ አይደርስም።

ሁለተኛው የመሬት አስተዳደር ድርሻ ነው። ማንኛውም መሬት ለእርሻ ከመተላለፉ በፊት በላዩ ያለው እጽዋት ዓይነቱና ክብደቱ ሊመዘገብ፣ አብቦ የደረቀ ሽመል ያለበት መሬት ደግሞ በማገገም ላይ ያለ ደን ተብሎ ሊያዝ ይገባል። ይህ ብያኔ በአንድ የመዝገብ አምድ የሚገለጽ ቢሆንም ለቀጣዩ ትውልድ የሚያስቀረው ሀብት ግን ከፍተኛ ነው።

ሦስተኛው የኅብረት ሥራ ማኅበራት ማስፋፊያ ድርሻ ነው። የኦርጋኒክ ምስክር ወረቀት የሚፈልጉ ማኅበራት የአባሎቻቸውን ማሳ ካርታ ከመሬት መዝገቡ ጋር ካመሳከሩ በቅርብ የተመነጠረ ማሳ ከቡድኑ ውጭ ይሆናል። ይህ አሠራር አርሶ አደሩን የሚቀጣ ሳይሆን ነባር ማሳውን ተንከባክቦ የያዘውን የሚሸልም ነው። ማኅበሩም ለገዢው የሚያቀርበው የታመነ ማስረጃ ይኖረዋል።

በጾሬና በአካባቢው የሚሠሩ የስደተኞች ጉዳይ ተቋማትና አጋር ድርጅቶችም ከዚህ ሊነጠሉ አይገባም። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛውና ተቀባዩ ማኅበረሰብ በጋራ የሚጠቀሙባቸው ፕሮጀክቶች እንዲኖሩ በር ከፍቷል። የሽመል ችግኝ ጥበቃ፣ ቆጣቢ ምድጃና ከቅሪት የሚሠራ ከሰል ለዚህ ተስማሚ ዘርፎች ናቸው። የሚለካው ግን የተከፋፈለው ምድጃ ብዛት ሳይሆን በዙሪያው ያለው ቁጥቋጦ ከዓመት ዓመት ያሳየው የክብደት ለውጥ መሆን አለበት።

በጥቅሉ ሲታይ የአሶሳ ዞን የገጠመው ጥያቄ ልማት ወይስ ጥበቃ የሚል አይደለም። ሰሊጡም፣ ሽመሉም፣ ማገዶውም ለአንድ ሕዝብ ያስፈልጋሉ። ጥያቄው የትኛው በየትኛው መሬት ላይ፣ በምን ያህል መጠን የሚል ነው። ይህንን ለመመለስ የሚያስፈልገው መሣሪያ ሜትር፣ ሚዛንና በሐቅ የተያዘ መዝገብ ነው። እነዚህን በወቅቱ ያልያዘ ወረዳ ግን የሽመሉን መጠን የሚያውቀው ቤት ለመሥራት ሲፈለግ ሲታጣ ይሆናል።